በዓይን የሚነበቡት ፕሮሰሰሮች

አዲስ አበባ ውስጥ ከሾላ ወይም ከኮተቤ ሆናችሁ ቀና ስትሉ የሚታያችሁ የእንጦጦ ሰንሰለት በጥንት እሳተ ገሞራ የተቆለለ ድንጋይ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ራዮላይትና ትራካይት ይሏቸዋል፤ ሁለቱም ሲሊካ የሞላባቸው አለቶች ናቸው። ሲሊካ ሲሊከንና ኦክስጅን ተጣምረው የሚሰጡት ነገር ነው። ከምድር ቅርፊት ክብደት ከሩብ የሚበልጠውን የያዘውም ይኸው ሲሊከን ነው። ኮምፒውተርን ኮምፒውተር ያሰኘው ፕሮሰሰርም ከሌላ አይደለም የተሠራው፦ በደንብ ከነጠረና እስኪያብረቀርቅ ከተወለወለ ሲሊከን ነው።

የካ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ዋሻ ሚካኤልን ያያችሁ ሰዎች የምለው ቶሎ ይገባችኋል። ያንን ቤተ ክርስቲያን ያነጹት ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልካቡም። አንዱን አለት ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ ግድግዳውንም ክፍሉንም እዚያው ከአለቱ ውስጥ አወጡት። ፕሮሰሰርም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ብዙ ሰው ውስጡ በጣም ትንንሽ ዕቃዎች ተገጣጥመው የተቀመጡበት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ክፍሎቹ ሁሉ፣ ስድስት ሺህም ይሁኑ ስድስት ሚሊዮን፣ በአንድ ቁራጭ ሲሊከን ገጽ ላይ አንድ ላይ የተቀረጹ ናቸው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ አንድ ነገር አጥብቄ ስለማምንበት ነው። ኮምፒውተር ውስጡ ምን እንደሚያደርግ ከልቡ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመር ያለበት ከአሮጌዎቹ ፕሮሰሰሮች ነው። ከ1971 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ጥሩ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው መስመር በመስመር ሊያነባቸው ይችላል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን በብርሃን ከሚታየው መጠን በታች ወርደዋል። እነዚህ አሮጌዎች የሚያስተምሩን ደግሞ የውጭ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። የእኛ ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባበት መንገድ በእነሱ ውስጥ ይታያል።

መስመር መስመርን ሲያቋርጥ

ከመሠረቱ እንጀምር። ንጹሕ ሲሊከን ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። ጥቂት ፎስፈረስ ወይም ቦሮን ሲደባለቅበት ግን ጠባዩ ይለወጣል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በተለመደው አሠራር ቦሮን የተቀላቀለበት የሲሊከን ገጽ ላይ ፎስፈረስ የገባባቸው ቀጫጭን መስመሮች ይሠራሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚሄደው በእነሱ ነው። ከእነዚህ በላይ እጅግ ስስ የሆነ የመስታወት ሽፋን አለ። ከሽፋኑ በላይ ደግሞ ፖሊሲሊከን የሚባል ሌላ መስመር ያልፋል። ከሁሉም በላይ የአሉሚኒየም መስመሮች ተዘርግተዋል።

እንግዲህ ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ እሱን የያዘ ሰው የአሮጌ ፕሮሰሰር ፎቶግራፍ ማንበብ ይችላል፦ ፖሊሲሊከኑ የታችኛውን መስመር ባቋረጠበት ቦታ ሁሉ አንድ ትራንዚስተር አለ። ፖሊሲሊከኑ ላይ ቮልቴጅ ሲመጣ ከሥሩ ያለው መንገድ ይከፈታል፤ ቮልቴጁ ሲጠፋ ይዘጋል። ትራንዚስተር ማለት በቃ ይህ ነው፦ ኤሌክትሪክ ራሱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ማብሪያ ማጥፊያ።

ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከአንድ የውጤት መስመር ወደ መሬት አገናኟቸው። ውጤቱን ወደ ላይ የሚስብ ሌላ ትራንዚስተር ከላይ አስቀምጡ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከተከፈተ ውጤቱ ወደ 0 ይወርዳል፤ ሁለቱም ከተዘጉ ብቻ 1 ይሆናል። ይህ ሦስት ትራንዚስተር ብቻ የፈጀ ጌት ነው። የሚገርመው፣ በዚህ አንድ ዓይነት ጌት ብቻ መደመር፣ መቀነስ፣ ማወዳደር፣ ማስታወስ ሁሉ ይቻላል። የቀረው ብዛትና አቀማመጥ ነው።

እነዚህ መስመሮች ሲሊከኑ ላይ የሚያርፉት በብርሃን ነው። ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ ቅባት ይቀባል፣ ሥዕሉ ባለበት መስታወት በኩል ብርሃን ይለቀቅበታል፣ ከዚያ የተፈለገው ቦታ በአሲድ ይታጠባል። ሥራው ለእያንዳንዱ ንብርብር ይደገማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥዕሉን የሚሠሩት ሰዎች ነበሩ፦ በትልቅ ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ ይነድፉታል፣ ከዚያ ቀይ የፕላስቲክ ልባጥ በቢላዋ እየተቆረጠና እየተላጠ ይወጣል፣ በመጨረሻም በፎቶግራፍ መቶ ጊዜ ያህል አሳንሰው ያትሙታል። አንድ መስመር ከተሳሳተ ፕሮሰሰሩ አይሠራም።

ከካልኩሌተር እስከ ጠረጴዛ ኮምፒውተር

በዚህ በብርሃን የመቅረጽ ዘዴ የተሠራው የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ባለ አንድ ቺፕ፣ ማለት በአንድ ቁራጭ ሲሊከን ላይ ያለቀ፣ ፕሮሰሰር የኢንቴል 4004 ነው። መነሻው ካልኩሌተር ነበር። ቢዚኮም የሚባል የጃፓን ኩባንያ ለሚሠራው ካልኩሌተር ቺፖች እንዲያዘጋጅለት ኢንቴልን ጠየቀ። ቴድ ሆፍ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ቺፕ ከመሥራት ይልቅ በፕሮግራም የሚታዘዝ አንድ አጠቃላይ ቺፕ ይሻላል አለ፤ ስታንሊ ማዞር አገዘው። ሐሳቡን ወደ ሲሊከን የለወጠው ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፋጂን ነው፤ ከቢዚኮም የመጣው ማሳቶሺ ሺማም አብሮት ሠራ። በኅዳር 1971 ለገበያ ሲቀርብ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። የመስመሮቹ ስፋት 10 ማይክሮን፣ ማለት የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ነበር። ፋጂን የስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት በቺፑ ጠርዝ ላይ ቀርጾባቸዋል፤ ዛሬም በማይክሮስኮፕ ይነበባሉ።

4004 በአንድ ጊዜ የሚያየው 4 ቢት ብቻ ነበር (አንድ ቢት 0 ወይም 1 ነው)፤ ለቁጥር ይበቃል፣ ለፊደል ግን አይመችም። ብዙ ሳይቆይ ባለ 8 ቢቶቹ ተከተሉ። ከእነሱ መሃል በጣም የምወደው 6502 ነው። ቻክ ፔድል የተባለ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሞቶሮላን ለቆ ሞስ ቴክኖሎጂ ወደሚባል ትንሽ ኩባንያ ሄደ፤ ዓላማቸው ማንም የሚገዛው ርካሽ ፕሮሰሰር መሥራት ነበር። በ1975 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ25 ዶላር ሸጡት። የኢንቴል 8080 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 360 ዶላር እንደነበር ስታስቡ የነገሩ ክብደት ይገባችኋል። ስቲቭ ዎዝንያክ የአፕልን የመጀመሪያ ኮምፒውተሮች የሠራው በዚህ ቺፕ ነው፤ የኮሞዶር 64 ልብም የእሱ ታናሽ ወንድም ነበር።

በ1978 የኢንቴል 8086 መጣ፤ በ1979 ደግሞ ረከስ ያለው 8088። አይ ቢ ኤም ነሐሴ 1981 ለገበያ ያወጣው የግል ኮምፒውተር የሚሠራው በ8088 ነበር፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.77 ሚሊዮን ምት፣ ማለት ሥራውን እርምጃ በእርምጃ የሚያራምደው ትርታ፣ ነበር። ዛሬ በመገናኛ ሱቆች የምታዩአቸው አብዛኞቹ ላፕቶፖች አሁንም የእሱን ቋንቋ ይናገራሉ። ለ8086 የተጻፈ ትእዛዝ አርባ ምናምን ዓመት አልፎትም ይገባቸዋል።

በመስኮት የሚታይ ቺፕ

እስካሁን ያወራነውን በዓይናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ ላቦራቶሪም አያስፈልጋችሁም። ከ1980ዎቹ ወይም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀረ የተበላሸ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር ወይም የፋክስ ማሽን ፈልጉ። ሰሌዳው ላይ ጀርባው በወረቀት የተሸፈነ፣ 28 እግር ያለው ቺፕ ካገኛችሁ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ ላጡት። ከሥሩ ክብ የኳርትዝ መስኮት ይወጣል። ይህ ኤፕሮም የሚባለው የማስታወሻ ቺፕ ነው።

መስኮቱን ወደ ፀሐይ አዘንብሉት። ከውስጡ የአውራ ጣት ጥፍር የማይሞላ ባለ አራት ማዕዘን ነገር ይታያችኋል፤ ሲሊከኑ እሱ ነው። ስታንቀሳቅሱት ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ቢጫ ይለዋወጣል። ቀለም ተቀብቶ አይደለም፤ እኩል ርቀት ያላቸው እጅግ ብዙ መስመሮች ብርሃኑን እየሰነጠቁ ስለሚመልሱት ነው። ጠርዙ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ከሲሊከኑ ተነሥተው ወደ ቺፑ እግሮች ይሄዳሉ። ቀለሙ የሚለዋወጥበት ሰፊው ክፍል የማስታወሻ ሕዋሳቱ ሜዳ ነው። በዙሪያው ያለው ወጣ ገባው ክፍል ደግሞ የትኛው ሕዋስ እንደሚነበብ የሚመርጠው ነው።

ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ በ27 ይጀምራል፤ ከዚያ የሚከተለው ቁጥር ስንት ኪሎቢት እንደሚይዝ ይነግራችኋል። 27256 ከሆነ 262,144 ሕዋሳት በዚያች መስኮት ሥር አሉ፤ እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ትራንዚስተር ነው። በትራንዚስተሩ ውስጥ ዙሪያውን በመስታወት የታጠረ የፖሊሲሊከን ቁራጭ አለ። ኤሌክትሮኖች እዚያ ከገቡ ለብዙ ዓመት አይወጡም፤ መረጃው እሱ ነው። መስኮቱ የተሠራው አልትራቫዮሌት ብርሃን ገብቶ ኤሌክትሮኖቹን እንዲያስወጣና ቺፑ እንደገና እንዲጻፍበት ነው። የአምራቾቹ መመሪያ ቺፑ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ በሳምንት ገደማ ሊጠፋ እንደሚችል ይናገራል። የእኛ ከተማ ፀሐይ በከፍታው ምክንያት በአልትራቫዮሌት የበረታ ስለሆነ፣ በውስጡ ያለውን መረጃ የምትፈልጉት ከሆነ ወረቀቱን መልሳችሁ ለጥፉ።

ወደ ማይክሮስኮፕ ስትሄዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። በትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት ክፍል ያለው ማይክሮስኮፕ ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ ነው የሚሰደው፤ ሲሊከን ግን የሚታየውን ብርሃን አያሳልፍም። ስለዚህ ብርሃኑ ከላይ ወርዶ ተንጸባርቆ የሚመለስበት ዓይነት ያስፈልጋል፤ ብረትና ማዕድን የሚመረምሩ ሰዎች የሚይዙት እሱን ነው። እሱ ከጠፋ በዝቅተኛ ማጉሊያ ከጎን የእጅ ባትሪ ማብራት ብዙ ነገር ያሳያል።

የ6502 ካርታ

በዚህ ዓይነት ማይክሮስኮፕ 6502 ሲታይ ጎኑ ከ4 ሚሊሜትር ብዙ የማይርቅ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ወደ ሦስት ሺህ አምስት መቶ የሚጠጉ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ውጤቱን ወደ ላይ የሚስቡ ሌላ አንድ ሺህ ያህል ትራንዚስተሮች አሉት። ካርታው ሦስት ሰፈር አለው።

ከላይ በኩል በሥርዓት የተሰለፈ ጥልፍልፍ ይታያል። እዚያ 130 መስመሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከማስታወሻ የመጣው ትእዛዝ ቁጥር በእነሱ ላይ ሲያልፍ እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል፦ «ይህ ትእዛዝ እኔን ይመለከታል ወይ?» የሚመለከታቸው ይነሣሉ፤ ሌሎቹ ይተኛሉ። ትእዛዝ መረዳት የሚባለው ይኸው ነው። ከመሃል ያለው ሰፈር ወጣ ገባ ነው፤ የተነሡት መስመሮች በስንተኛው ምት ላይ የትኛው በር መከፈት እንዳለበት የሚወስኑበት ነው።

ከታች ያለው ሰፈር ዓይን ይስባል። አንድ ዓይነት ሥዕል ስምንት ጊዜ ተደጋግሞ ይታያል። ስምንት ቢት ማለት እሱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቢት አንድ ረድፍ። ሬጅስተሮቹ፣ ማለት ፕሮሰሰሩ በእጁ ይዟቸው የሚሠራባቸው ጥቂት ቁጥሮች፣ እዚህ አሉ። የሒሳቡና የሎጂኩ ክፍልም እዚህ ነው። ይህ ክፍል የሚሠራበት መንገድ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፦ ሁለት ቁጥር ሲሰጠው ድምራቸውንም፣ የሎጂክ ውጤቶቻቸውንም ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሰላል፤ ከዚያ የመሃሉ ሰፈር የፈለገውን አንዱን ብቻ መርጦ ያሳልፋል። የተፈለገው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ፊደላችን ስምንት ቢት ውስጥ

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንምጣ። ስምንት ቢት 256 የተለያዩ ቁጥሮች ብቻ ነው የሚይዘው። በዚያ ዘመን አንድ ፊደል አንድ ባይት፣ ማለት ስምንት ቢት፣ ነበር። ከ256ቱ የመጀመሪያዎቹን 128 የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ይዘዋቸዋል። የእኛ ገበታ 33 ቤተሰብ በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ዲቃሎቹ አሉ፣ ሃያው የግዕዝ ቁጥር አለ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አለ። በአንድ ባይት አይገባም።

ይህን ችግር ለመፍታት በ1980ዎቹ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሌሊት ሠርተዋል። በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚኖሩት የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ ሞድኤት የሚባለውን ፕሮግራም አዘጋጁ። በካሊፎርኒያ መሐንዲሱ ፍስሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ በሚል ስም የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠሩ፤ በኋላም ፊደላችን ዓለም አቀፍ ኮድ እንዲያገኝ ከተሟገቱት ቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኑ። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግዕዝን በላቲን ፊደላት ለመጻፍና ለመላላክ የሚያስችል ሥርዓት ቀየሱ።

ሥራው ምን ያህል ጠባብ ቦታ ውስጥ እንደነበር ልንገራችሁ። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን የጽሑፍ ስክሪን ላይ አንድ ፊደል 8 ነጥብ ስፋት፣ 16 ነጥብ ቁመት ባለው ሳጥን ውስጥ ነበር የሚሣለው፤ 16 ባይት ማለት ነው። ሦስት እግር ያላት «ጠ»ን ከነካዕብ ምልክቷ በስምንት ነጥብ ስፋት ውስጥ ለመሣል ሞክሩ። በ1987 የመጣው የቪ ጂ ኤ የስክሪን ካርድ ከራሱ ሥዕል ሌላ ከፕሮግራም የተላከለትን ሥዕል ይቀበል ነበር፤ በአንድ ጊዜም እስከ 512 ፊደል ማሳየት ይችላል። ዊንዶውስ ሲመጣ ደግሞ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች የእኛን ሥዕል በላቲኖቹ ቁጥሮች ላይ አስቀመጡ። ቢሮ የሠራችሁ ሁሉ ውጤቱን ታውቁታላችሁ፦ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ሲከፈት ደብዳቤው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ አልተሳሳተም፤ እሱ የያዘው ቁጥር ብቻ ነው።

መፍትሔው ለአንድ ፊደል ከአንድ ባይት በላይ መስጠት ነበር። በ1999 የወጣው የዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ ዩኒኮድ 3.0 ግዕዝን ከ4608 እስከ 4991 ባለው ቦታ አስገባው። አቀማመጡን ግን ማንም በቂ አድናቆት የሰጠው አይመስለኝም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠው፦ ሰባቱ ለሰባቱ ሆሄያት፣ ስምንተኛው በብዙዎቹ ቤተሰቦች እንደ «ሏ» ላሉ ዲቃሎች። «ሀ» 4608 ነው፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632። ሁልጊዜ በስምንት ወይም በስምንት ብዜት ይዘላል።

ስምንት ደግሞ ለፕሮሰሰር ልዩ ቁጥር ነው፤ ልክ ሦስት ቢት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች ስንተኛ ፊደል እንደሆነ ይናገራሉ፣ የቀሩት ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ። «ቡ»ን እንውሰድ። ቁጥሯ 4705 ነው፤ በ0 እና በ1 ሲጻፍ 1001001100001። የመጨረሻዎቹን ሦስት ተመልከቱ፦ 001። ከዜሮ ስንቆጥር ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3 ነው፤ እነሆ ካዕብ። ሦስቱን ቢቶች ወደ 011 ብትለውጧቸው 4707 ይሆናል፤ እሱ «ባ» ነው። ስልካችሁ ላይ «ብ» ጽፋችሁ አናባቢ ስትጨምሩ ፊደሉ ሲለወጥ የምታዩት ይህንኑ ሥራ ነው፦ ቤተሰቡ ይቆያል፣ ሦስት ቢት ይቀየራል።

በ6502 ይህንን ለማስላት አራት ቁጥር ይበቃል፦ 169፣ 97፣ 41፣ 7። 169 ማለት «ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያዝ» ነው። 97 የ«ቡ» የታችኛው ባይት ነው፤ 18ን በ256 አባዝታችሁ 97 ብትጨምሩበት 4705 ይሰጣችኋል። 41 ማለት «በእጅህ ካለው ውስጥ ቀጥሎ በሚመጣው ቁጥርም 1 የሆኑትን ቢቶች ብቻ አስቀር» ነው። 7 በቢት 00000111 ነው። ከላይ ያለው ጥልፍልፍ 41ን ያውቀዋል፤ የመሃሉ ሰፈር በሩን ይከፍታል፤ ከታች ስምንቱ ረድፎች እያንዳንዳቸው አንድ ቢት ያወዳድራሉ። አምስቱ ዜሮ ይሆናሉ፣ የቀሩት 001ን ያሳልፋሉ። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ በሚመታ 6502 ላይ ይህ ማወዳደር የሚፈጀው ሁለት ምት፣ ማለት የሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ነው። ብቻውን የቆመው 97 ደግሞ በላቲኑ ሠንጠረዥ የትንሿ «ኤ» ቁጥር ነው። የታችኛው ባይት ብቻውን የማንነት መልስ እንደማይሆን፣ አንድ ባይትም ለምን እንዳልበቃን እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ከብርሃን በታች

ከዚያ በኋላ መስመሮቹ እየጠበቡ ሄዱ። በ1985 የኢንቴል 386 275,000 ትራንዚስተር ይዞ መጣ። በ1989 የመጣው 486 መስመሩን ወደ 1 ማይክሮን አጥብቦ 1.2 ሚሊዮን ያዘ። በ1993 ፔንቲየም 3.1 ሚሊዮን ይዞ ወደ 0.8 ማይክሮን ወረደ። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን ነው። መስመር ወደዚህ ሲጠጋ ጥሩ የሚባል ማይክሮስኮፕም ብዥ ይላል፤ ከዚያ በታች የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

ፔንቲየም የመጨረሻውን ትልቅ የሚታይ ትምህርት ትቶልን ነው ያለፈው። በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ የአሜሪካ የሒሳብ መምህር አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍሉ የተሳሳተ መልስ አገኙ። ምክንያቱ በማካፈያው ክፍል ውስጥ ካለ ሠንጠረዥ አምስት ቦታዎች ባዶ መቅረታቸው ነበር። ኢንቴል ለዚህ 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ያ ስሕተት በሲሊከኑ ላይ ቦታ አለው፤ መኖር በነበረባቸው ቦታ ያልተሠሩ ትራንዚስተሮች ናቸው።

ከእንጦጦ በላይ

እነዚህ አሮጌዎች ሁሉ ጡረታ ወጥተዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሀብል የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1999 መጨረሻ ጠፈርተኞች ሲጠግኑት ዋና ኮምፒውተሩ በ486 ተተካ፤ ፍጥነቱ 25 ሜጋኸርዝ፣ ማለት በሰከንድ 25 ሚሊዮን ምት፣ ነው። የሀብል ምሕዋር ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 28.5 ዲግሪ ስለሚደርስ በእኛ ሰማይ ያልፋል። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ዋና መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮችም መጀመሪያ የተገነቡት በ386 ላይ ነበር። ጥርት ባለ ምሽት ከእንጦጦ ጫካ ጫፍ ሆናችሁ ሳይብለጨለጭ በፍጥነት የሚያልፍ ደማቅ ነጥብ ካያችሁ፣ ጣቢያው ሊሆን ይችላል።

ለምን አሮጌውን መረጡ? ጠፈር በኃይለኛ ቅንጣቶች የተሞላ ነው። አንዱ ቅንጣት ሲሊከን ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖችን ያስነሣል፤ ይህ 0ን 1 ማድረግ ይችላል። ሰፊ መስመር ያለው ትራንዚስተር ብዙ ኤሌክትሮን ስለሚይዝ በቀላሉ አይገለበጥም፤ በጣም ጠባቡ ግን በጥቂቱ ይሳሳታል። በዚያ ላይ አሮጌው ለዓመታት ተፈትኖ ጠባዩ ታውቋል። ማርስ ላይ ያሉት ኪዩሪዮሲቲና ፐርሲቪራንስ የሚጠቀሙበት ፕሮሰሰርም በ1997 ከወጣው የፓወር ፒሲ 750 የተወለደ ነው።

ነገሩ ምድር ላይም ይደርሳል። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖቹን ያቆመው 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከላያችን ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ከጠፈር የሚመጡትን ቅንጣቶች የሚያቆመው ጋሻ ይሳሳል። በሌላ በኩል ደግሞ እኛ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ነን፤ መግነጢሱ በዚህ አካባቢ ብዙዎቹን ይመልሳል። ከፍታው የጨመረውን አቀማመጣችን በከፊል ይቀንሰዋል። ታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀችውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ለመቆጣጠር የተሠራው ጣቢያም እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። ሳተላይት የሚቆጣጠር ወጣት መሐንዲስ አንድ ቢት ለምን እንደሚገለበጥ የሚገባው፣ ቢቱ ያለበትን ትራንዚስተር በዓይነ ኅሊናው ማየት ሲችል ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከዚህ ጀምሩ። በ2010 ግሬግ ጄምስና ባልደረቦቹ የ6502ን ፎቶግራፍ ንብርብር በንብርብር አንሥተው፣ እያንዳንዱን መስመር ቀድተው፣ ኮምፒውተር ላይ እንደ እውነተኛው የሚሠራ ካርታ አውጥተዋል። በነጻ ይገኛል፤ ስሙ ቪዥዋል 6502 ነው። መስመሮቹ ቮልቴጅ ሲመጣባቸው ቀለም ሲለዋወጡ ታያላችሁ። ከላይ የሰጠኋችሁን አራት ቁጥር ወደ 16 መሠረት (ሄክሳዴሲማል) ቀይራችሁ አስገቡና አንድ አንድ ምት እየገፋችሁ ተከተሉ። ከዚያ በ97 ፋንታ የስማችሁን የመጀመሪያ ሆሄ የታችኛ ባይት አስገቡ። መልሱ ስንተኛ ፊደል እንደሆነ ከገበታው ጋር አስተያዩት። መልሱን ከገበታው ታውቁት ነበር፤ አሁን ግን በየትኞቹ ትራንዚስተሮች በኩል አልፎ እንደመጣ በጣታችሁ እያመለከታችሁ ለሌላ ሰው ማስረዳት ትችላላችሁ።